ብስክሌትና የከተማ ምክር፤ ከሚኤሶ መገንጠያ ላይ ሆነን ስንመለከተው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ሚኤሶ በደረሰ ጊዜ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ የጭሮን ዳገት ይወጣና የጨርጨርን ተራሮች ተከትሎ በሂርናና በቁልቢ አድርጎ ወደ ሐረር ይዘልቃል፤ ሁለተኛው ቆላ ለቆላ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። በዚህ መገንጠያ ላይ የሚገናኘው መንገድ ብቻ አይደለም። የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ ማሽላውን፣ የሶማሌ አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን፣ የደጋው ሰው ጫቱን ይዞ የሚገናኝበት የገበያ ስፍራ ነው።

እንደዚህ ባለው ስፍራ ላይ ቆመን ስለ ብስክሌት ለመናገር መነሣታችን ለአንዳንዱ አንባቢ ጨዋታ ሊመስለው ይችል ይሆናል። ታላላቅ የጭነት መኪናዎችና ባቡር በሚያልፉበት ከተማ ብስክሌት ምን ቁም ነገር አለው? ይለን ይሆናል። ነገር ግን የዚህን ትንሽ መጓጓዣ ታሪክ በየአገሩ ተከታትለን ስንመለከተው፣ ከመጓጓዣነቱ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ ይዞ እናገኘዋለን። ይኸውም የከተማ መንገድ ሲቀየስ የሚጠየቀው ማን ነው? በመንገዱ አልፎ የሚሄደው ነው ወይስ በመንገዱ ዳር የሚኖረው? የሚለው ነው። አስቀድመን ለአንባብያን የምናሳስበው፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን ነው።

ሚኤሶ የምድር ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ለብዙ ዓመት ከቆመ በኋላ ቆላውን አቋርጦ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ሚኤሶም በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ይህ ሐዲድ ለሀገራችን የሰጠው ጥቅም እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም ሐዲዱ በየት እንዲያልፍና ጣቢያው የት እንዲቆም የተመከረው በሩቅ ከተማ፣ በቤተ መንግሥትና በኩባንያ ቢሮ ነበር። በዚያ ቆላ ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ባቡሩን ያወቀው ምክሩን ሰምቶ ሳይሆን ጭሱን አይቶ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከመቶ ዓመት በኋላም ሚኤሶ ሁለተኛ ሐዲድ ለማየት በቃች። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ እስከ ሚኤሶ ያለውን ክፍል አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ ወደ ደወሌ የሚሄደውን ክፍል ደግሞ ሌላ የቻይና ኩባንያ ሠርቶት ስለ ነበር ሁለቱ ሥራዎች የተጋጠሙት ሚኤሶ ላይ ነበር። የዚህ አዲስ መሥመር ጣቢያዎች በብዙ ስፍራ ከከተሞቹ መካከል ራቅ ብለው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከባቡር የወረደ መንገደኛ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ሌላ መጓጓዣ መፈለግ ግዴታ ሆኖበታል። ታላቁ መንገድ በሚታሰብበት ጊዜ ትንሹ መንገድ እንደሚረሳ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በጥቂት ሰዓት የሚያስኬድ ጥበብ መጥቶ፣ የቀረችው የሁለትና የሦስት ኪሎ ሜትር ጉዞ ግን ባለቤት አጥታለች።

ከሚኤሶ በላይ ባለው ደጋ ደግሞ ሌላ ዐይነት የከተማ ታሪክ እናገኛለን። በሩስያ ሀገር ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜ፣ አሰበ ተፈሪን ለሌሎቹ ከተሞች አርአያ የምትሆን ከተማ ለማድረግ ብዙ ደክመዋል። ዛሬ ጭሮ በተባለው በቀድሞው ስሟም የምትጠራው ይህች ከተማ ያን ጊዜ ስሟን ያገኘችው በዘመኑ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ነበር። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒህ ሰው በሥራቸው ያስተማሩን፣ ከተማ በዘፈቀደ የሚበቅል ሣር ሳይሆን አስቀድሞ የሚታሰብበት ነገር መሆኑን ነው። ይህም ለዘመኑ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ዐሳቡ ከአንድ አስተዋይ ገዥ የመነጨ ነበርና፣ ገዥው አስተዋይ ሲሆን ከተማዪቱ ትጠቀማለች፤ አስተዋዩ ገዥ ወደ ሌላ ሹመት ሲዛወር ግን ዐሳቡም አብሮት እንዳይሄድ ያሠጋል። ከተማን የማይዛወረው ነዋሪው ብቻ ነው።

የሀገራችን ሕግም ቀስ በቀስ ወደዚሁ ነዋሪ ሲጠጋ እናየዋለን። በ1937 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ በከተማ ምክር ቤት ውስጥ ከመንግሥት ሹማምንት ጋር ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች እንዲቀመጡ ፈቀደ። በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ሆኖም ቤትና ቦታ የሌለው ሰው አይገባበትም ነበርና ጠባብ በር ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቍጥር 574 ግን ፕላን በሚዘጋጅበት ጊዜ ሕዝብ እንዲሳተፍበት ደነገገ። በሕግ ረገድ ከገዥው እልፍኝ እስከ ሕዝብ አደባባይ የተደረሰው በዚህ አኳኋን ነው። ይሁን እንጂ ሕግ በር ይከፍታል እንጂ ሰውን እጁን ይዞ አያስገባም። በተከፈተው በር የገባ ሕዝብ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ የብስክሌትን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ብስክሌት የዘር ሐረጉ የሚቈጠረው እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ከሠራት ባለ ሁለት መንኰራኵር የእንጨት መሣሪያ ነው። ፔዳል አልነበራትም፤ የተቀመጠባት ሰው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄድባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለት እኩል መንኰራኵርና የኋላውን ጎማ የሚያዞር ካቴና ያለውን ብስክሌት አቀረበ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዳንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ አመጣ። ከዚህ ወዲህ ብስክሌት የባላባት መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካው፣ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄድበት፣ ሴቶችም ማንንም ሳይለምኑ ከቤታቸው ወጥተው የሚመለሱበት መጓጓዣ ሆነ።

ብስክሌት የያዘ ሰው ግን ወዲያው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በገዛ አካሉ ይቈጥረዋል። ስለዚህ በአሜሪካ የብስክሌት ነጂዎች እ.ኤ.አ. በ1880 ማኅበር አቋቁመው፣ መንግሥት መንገድ እንዲያሻሽል ጽሑፍ እያሳተሙና ሸንጎ እየጠሩ ወተወቱ። እ.ኤ.አ. በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ስለ መንገድ የሚመረምር ቢሮ ያቋቋመው ከዚህ ውትወታ በኋላ ነው። የሚያስገርመው ግን፣ ብስክሌተኞች ለምነው ያሠሩትን የተስተካከለ መንገድ ኋላ መጥቶ የወረሰው አውቶሞቢል መሆኑ ነው። ያስለመነ ሌላ፣ የተጠቀመ ሌላ ሆነ። መንገድን አንድ ጊዜ ጠይቆ ዝም ማለት እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ይህን ትምህርት ከሁሉ ይልቅ በልቡ ያኖረው የኔዘርላንድ ሕዝብ ነው። ዛሬ ያን ሀገር የሚጐበኝ ሰው፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያለ ማቋረጥ በብስክሌት ሲሄድ የኖረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና በዝቶ ብስክሌትን ከጎዳና እየገፋ ሊያስወጣው ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ ወላጆች የሕፃናቱን መገደል አቁሙ የሚል ስም የሰጡትን እንቅስቃሴ አንሥተው፣ አደጋ የደረሰበትን ጎዳና ዘግተው ልጆቻቸውን አጫወቱበት። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዘይት ችግር በተነሣ ጊዜም መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ባዶ በሆነው አውራ ጎዳና ላይ በእግሩና በብስክሌት ወጥቶ ሌላ ዐይነት ከተማ ሊኖር እንደሚችል በዐይኑ አየ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የብስክሌተኞች ማኅበር አባሎች ደግሞ አደገኛውን መታጠፊያና የተቋረጠውን መንገድ በየሠፈራቸው እየመዘገቡ ለማዘጋጃ ቤታቸው ማቅረብን ሥራቸው አደረጉት።

መንግሥት በመጀመሪያ በሄግና በቲልቡርግ ከተሞች አንዳንድ ያማረ የብስክሌት መንገድ ለሙከራ አሠራ። ነገር ግን አንድ ያማረ መንገድ ብቻውን ጫፍና ጫፉ ላይ አደጋ ካለ ብዙ አዲስ ሰው ወደ ብስክሌት እንደማይስብ ታወቀ። ኋላ የደልፍት ከተማ ትንንሾቹን የሠፈር መንገዶች ከታላላቆቹ ጋር እንደ መረብ አያይዞ ሲያቅድ የተሻለ ውጤት አገኘ። ይህ ምሥጢር የመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ልጇን በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የምትልክ እናት ከማንም በፊት የምታውቀው ነገር ነው። መንገድ የሚለካው በተሠራው ርዝመት ሳይሆን በተቋረጠበት ስፍራ ነው።

በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታም የታየው ከዚህ የሚቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 ጥቂት ዜጎች ተሰባስበው አንድ ሁለት ጎዳና ለጥቂት ሰዓት ለብስክሌትና ለእግረኛ እንዲለቀቅ አደረጉ። ያ ጅምር ዛሬ በየእሑዱና በየበዓሉ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጎዳና የሚከፈትበት የከተማዪቱ ልማድ ሆኗል። የተጀመረው በሚሊዮን ብር አልነበረም፤ በጥቂት ሰዎች ምክርና ባለሥልጣን በሰጠው ፈቃድ ነበር።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ብስክሌት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ሀገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈች ጊዜ ከሯጮቹ ጋር የብስክሌት ተወዳዳሪዎችም ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ስሙ ዛሬም በክብር የሚነሣው ገረመው ደንቦባ ነው። በ2008 ደግሞ የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በውድድሩ ሜዳ ብቻም አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን የተነሣላት ባሕር ዳር ሜዳማ መሬቷና ሰፊ ጎዳናዋ ብስክሌት የከተማዪቱ ምልክት እስኪሆን ድረስ ነዋሪዎቿን አስለምዷቸዋል። ሐዋሳም እንዲሁ ናት። በብዙ ከተማ ያደግን ሰዎችም በደቂቃ ሒሳብ ተከራይተን፣ ኮርቻው ላይ ሳንደርስ በብረቱ መካከል እግራችንን አሾልከን የነዳንበትን ጊዜ እናስታውሳለን።

ሆኖም አንድ እውነት እንናገር። ብስክሌትን የምናከብረው በውድድር ቀን ነው፤ በሥራ ቀን ግን መኪና እስኪገዛ ድረስ የሚታገሡት የድኻ ዕቃ አድርገን እንመለከተዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር መሆኑ እየታወቀ፣ ለብዙ ዘመን ጎዳናው የተቀየሰው ለጥቂቱ ባለ መኪና ነበር። ይህ ዐሳብ መለወጥ የጀመረው በቅርብ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ሆነው ሕዝብ በእግሩና በብስክሌት ወጣባቸው። አዲስ አበባ ሞተር ስለሌለው መጓጓዣ የዐሥር ዓመት ዕቅድ በ2011 አወጣች፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴርም በ2012 ለሀገሪቱ በሙሉ ተመሳሳይ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ከ2016 ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ደግሞ በዋና ከተማዪቱ ታላላቅ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መንገድ ተሠራ። ሥራው በታላቅ ፍጥነት የተካሄደ በመሆኑ ምስጋናም ክርክርም አስነሥቷል፤ ከክርክሩም አንዱ ነዋሪው በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ተመክሮበታል ወይ? የሚለው ነበር። እኛም ይህን ጥያቄ የምናነሣው የተሠራውን ለመንቀፍ ሳይሆን ገና ላልተሠራው ለማሰብ ነው።

ገና ካልተሠሩት መካከል ሚኤሶና ጎረቤቶቿ ይገኛሉ። ጨርጨርን የሚያውቅ ሰው ለእነዚህ ከተሞች አንድ ዐይነት ፕላን ቀድቶ መስጠት እንደማይቻል ይረዳዋል። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በተራራ ወገብ ላይ ያለች ናት፤ እዚያ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሚጨነቀው ስለ ፍሬኑና ስለ ዳገቱ ነው። ሚኤሶ ከእርሷ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብላ በሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ ለእግርና ለብስክሌት የሚመች ሜዳ ቢኖራትም ሙቀቷ ብርቱ ነውና የሚኤሶ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ጥላ ነው። ኒም ያልተተከለበት የብስክሌት መንገድ በቀትር ጊዜ ማንም አይሄድበትም። ደራሽ ውሃ ሲመጣ የቱን መንገድ እንደሚቈርጥ፣ በገበያ ቀን ግመል በየት እንደሚነዳ፣ ተማሪው የጭነት መኪናውን ጎዳና በየት እንደሚሻገር በካርታ ላይ አይታይም። ይህን የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

ለመሆኑ በምዕራብ ሐረርጌ ምክር እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ ምድር ነው። የሶማሌ ሽማግሌዎች ሔር የሚሉትን ሕጋቸውን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያጸኑበት ኖረዋል፤ የአፋር መንገደኛም ከሩቅ የመጣውን ሰው ሳያነጋግርና ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ሥራ የበዛበት ገበሬ ጉዛ ጠርቶ ጎረቤቱን ይሰበስባል፤ ሐዘንም ሠርግም ሲመጣ አፎሻው ይደርስለታል። ለእርሻና ለቀብር የሚበቃ ማኅበር ለመንገድ የማይበቃበት ምክንያት አይታየንም። እነዚህ ሕዝቦች በግጦሽና በወሰን ምክንያት የተጋጩበትና ደም የፈሰሰበት ጊዜም እንዳለ አንዘነጋም። በዚህም ምክንያት ሁሉም በእኩል የሚያልፍበት፣ ልጆቻቸው በአንድነት የሚሄዱበት መንገድ የጋራ ምክራቸው መጀመሪያ ቢሆን ጥቅሙ ከመጓጓዣ በላይ ነው።

ጊዜው ደግሞ የሚያዘገይ አይደለም። ከሚኤሶ እስከ ድሬዳዋ የሚሄደው መንገድ እንዲሻሻል የዓለም ባንክ በቅርብ ዓመታት ለኢትዮጵያ ገንዘብ ፈቅዷል። ታላቅ መንገድ ወደ ከተማ ሲጠጋ ሀብት ይዞ ይመጣል፤ አስቀድሞ ካልታሰበበት ግን ከተማን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ሠፈር ከገበያው፣ ሌላውን ከትምህርት ቤቱ ይለያል። አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ነው።

ስለዚህ የሚመስለንን በትሕትና እናቀርባለን። የከተማው መሐንዲስ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት በገበያ ቀንና በትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት ከነዋሪዎቹ ጋር መንገዱን በእግሩ ይሂድበት። በስብሰባው ከሽማግሌዎች ጋር ውሃ የምትቀዳው ሴት፣ ብስክሌት የሚያከራየው ወጣት፣ ካላማዳሪያ የሚለጥፈው ጎሚስታ፣ ከዳር ሆና ወንድሟ ሲነዳ የምታየው ልጃገረድም ይቀመጡ፤ የሚነገረውም በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን። የተነገረው ተጽፎ ይቀመጥ፤ የተቀበሉትም ያልተቀበሉትም ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይነበብ፤ ሰው ዐሳቡ ቢቀርበት እንኳ መደመጡን ካወቀ አይቀየምምና። መጀመሪያ ብዙ ገንዘብ አይፈለግም፤ በወር አንድ እሑድ ጥዋት አንድ ጎዳና ለልጆችና ለብስክሌት ተከፍቶ ይታይ። ከዚያም በኋላ የዛፉ ተከላና የመንገዱ ጽዳት በጉዛ ይያዝ፤ ሰው በእጁ የተከለውን ዛፍ ሌላው ሲቈርጥበት ዝም አይልምና።

ከመቶ ዓመት በፊት ባቡር ወደ ሚኤሶ ሲመጣ የከተማዪቱ ሰው አልተጠየቀም፤ ጥያቄውን የሚያዝ ሕግም አልነበረም። ዛሬ ሕጉ አለ፤ የመምከር ልማዱም ከሕጉ በፊት ጀምሮ ነበረ። የሚቀረው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ባቡሩም ታላቁ መንገድም መንገደኛውን ከሩቅ አምጥተው መገንጠያው ላይ ያወርዱታል፤ ከዚያ እስከ ቤቱ ደጃፍ የምታደርሰውን ትንሽ መንገድ ግን የሚኤሶ ሰው ራሱ መክሮ ካልቀየሳት በቀር ሌላ የሚቀይስለት የለም።